የጋሽ ጆሮ ማጣሪያ

በወደቡ የጥገና መሥሪያ ቤት ጋሽ ጆሮ ለሚባሉት ሰው ስም ያወጣላቸው የመርከብ ሞተር ነው። በጎልማሳነታቸው አንድ ቀን ወደቡ ዳር ቆመው ሲጋራ ሲያጨሱ አንዲት የጭነት መርከብ ቀስ እያለች ስትገባ ሰሟትና፣ "የዚች ሞተር አንድ ብሎኑ ላልቷል" አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ሳቁባቸው። ካፒቴኑ ግን ወሬው ደርሶት፣ ነገሩም ከንክኖት ሞተሩን ቢያስፈትሽ ብሎኑ እውነትም ላልቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሆነ።

እሳቸውም ስሙን ጠሉት አይባልም። አደጉበት፣ ተከበሩበት፣ በመጨረሻም የድምፅ ክፍል ኃላፊ ተብለው መስኮት ያለው ቢሮ ተሰጣቸው። የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ ብለው መስኮቱን በስፖንጅ ስለደፈኑት ግን መስኮት የነበረው ቢሮ ማለቱ ይሻላል። ጆሮ እንደ ጫማ ሶል በአገልግሎት ብዛት ሊያልቅ እንደሚችል የነገራቸው የለም። ደግሞስ ጋሽ ጆሮን ስለ ጆሮ የሚያስተምር ማን ደፋር አለ?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዓለም እየተበላሸች መምጣቷን ግን ልብ ብለዋል። መጀመሪያ ወፎቹ ከሰፈሩ ለቀው ሄዱ፤ ለዚህ ጎረቤት ጣሪያ ላይ የተተከለውን የስልክ አንቴና ተጠያቂ አደረጉ። ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች፣ ጥርት አድርጎ መናገር ትቶ ማጉረምረም አመጣ፤ ይህን የዘመኑ ትምህርት ውጤት ነው ብለው ዘጉት። ከዚያ የቤታቸው የበር ደወል ተበላሸ። አስቀየሩት፤ አዲሱም ተበላሸ። እሱንም አስቀየሩት። "ዛሬ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ለስሙ ነው" ይላሉ። ደወሉ እንዲህ ተበላሽቶ እያለ ባለቤታቸው ድንገት ከተቀመጠችበት ተነስታ በሩን ከፍታ እንግዳ ስታስገባ ሲያዩ፣ ሴትየዋ ሰው የሚመጣበትን ሰዓት በምን እንደምታውቅ ግራ ይገባቸዋል።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ክፍል ሙሉ ሕፃናት ስታስተምር የኖረች ስለሆነች አንድ ነገር ደጋግሞ መናገር አይታክታትም። "ጆሮህን ታየው" ትላቸዋለች፤ በቁርስ ላይ፣ በራት ላይ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ። እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ የሚደጋገም ድምፅ ትርጉም የለውም ብለው የሚያምኑ ባለሙያ ናቸውና ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋታል።

የጋሽ ጆሮ ሥራ እንዲህ ነው። ወደቡ የቆመው ባሕር ውስጥ በተተከሉ የብረት ምሰሶዎች ላይ ነው። ምሰሶዎቹ ይዝጋሉ፤ ጠላቂዎች እየወረዱ ይጠግኗቸዋል። ጠላቂው ጭንብሉ ውስጥ ሆኖ ሲናገር ቃሉ በውሃው ውስጥ አልፎ ላይ ጀልባው ላይ የተቀመጠው ሰው ማዳመጫ ውስጥ ይገባል። ይህንን የውሃ ውስጥ ስልክ ይሉታል። ችግሩ ባሕሩ የእነሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዓሣ አስጋሪው ሁሉ ጀልባው ሥር ሶናር ገጥሟል። ሶናር ማለት ወደ ውሃው ጩኸት እየለቀቀ፣ ጩኸቱ ዓሣ ወይም መሬት ነክቶ ሲመለስ እየሰማ፣ ከሥር ምን እንዳለ የሚናገር መሣሪያ ነው። ይኸው ጩኸት ሳይጠራ ስልኩ ውስጥ ይገባና የጠላቂውን ቃል ከመሃል ይቆርጠዋል።

ከጠላቂዎቹ አንዷ የጋሽ ጆሮ ልጅ ናት፤ አንድ ልጃቸው። ባለፈው ዓመት ከሥር ሆና ላይ ያሉት ለጥገናው የተዘጋጀውን ብረት እንዳያወርዱ ስትጮህ ሶናሩ ቃሏን ዋጠው። ብረቱ ወረደ፤ ትከሻዋን ለጥቂት ስቶ አጠገቧ አረፈ። እሷ ወጥታ ሳቀች። አባት ግን ሊስቁ አልቻሉም። ልጃቸው ከውሃ ሥር ተጣርታ የሚሰማት ማጣቷ አንጀታቸውን በላው። ከዚያ ወዲያ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጃቸው ከሥር ስትጣራ መስማት። ለዚህም ሲሉ የሶናሩን ጩኸት ከሰው ድምፅ ለይቶ የሚያስቀር ማጣሪያ በኮምፒውተር መሥራት ጀመሩ።

በዚህ ሥራ የተመደበችላቸው አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ይህች ሴት ድምፅን በሥዕል ማየት ትወዳለች። የተቀዳውን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ ስትከፍተው የጠላቂዋ ልጃቸው ንግግር እንደ ደመና ወደ ታች ተኝቶ፣ የሶናሩ ጩኸት ደግሞ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ጋሽ ጆሮ ግን ወደዚያ ፊታቸውን አያዞሩም።

"ድምፅ በዓይን አይታይም" ይሏታል። "ሥዕል የሚወድ ሠዓሊ ይሁን። ዝጊው።"

እሷ ትዘጋዋለች። እሳቸው ማዳመጫቸውን ያጠልቁና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ወደ ታች... ትንሽ ወደ ታች... በቃ" እያሉ ማጣሪያውን ያስተካክላሉ። ለወራት እንዲህ ሠሩ። ጩኸቱ ደከመ እንጂ አልጠፋም።

በዚያው ሰሞን ዓሣ አስጋሪዎቹ አሮጌ ሶናራቸውን እየነቀሉ አዲስ አስገጠሙ። የአዲሱ ጩኸት ከአሮጌው እጅግ የቀጠነ ነው፤ ጥርስ የሚያሳክክ ፉጨት። ጋሽ ጆሮ ይህን ዜና አልሰሙም። ፉጨቱንም አልሰሙም። የሰሙት አንድ ሰኞ ጠዋት ማዳመጫውን ሲያጠልቁ የልጃቸውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጸጥ።

"ጠፋ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ይኸው ጠፋ።"

ባለሙያዋ የራሷን ማዳመጫ ፉጨቱ ስለበሳት ወርውራ ጆሮዋን እያሸች ነበር። "ጋሼ፣ ትንሽ ከላይ በኩል... የሚቀር ነገር ያለ ይመስለኛል" አለች።

"ምን ይቀራል?"

ባለሙያዋ ከእሷ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረውን ሰው አስታወሰች። "ጋሼ፣ ተሳስተዋል" ብሎ አንድ ቀን አፉን በመክፈቱ አሁን ምድር ቤት የቀለም መጋዘን ውስጥ ጣሳ ይደረድራል።

"ምንም አይቀርም" አለች።

"እንደዚያ በይኛ።"

ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። የኮሚቴው አባላት ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ዕድሜያቸውን በመርከብ ሞተር አጠገብ የፈጁ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ልምዳቸው የበሰለ ሰዎች ናቸው። መስታወት የለበሰውን ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ መሃሉ ላይ ድምፅ ማጉያ ተደረገ። ጋሽ ጆሮ በክብር ቁልፉን ተጫኑ። የልጃቸው ድምፅ ከባሕር ሥር ስለ ምሰሶው ዝገት መናገር ጀመረ፤ በየመሃሉም የሶናሩ ፉጨት ክፍሉን እንደ መርፌ ወጋው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ።

"የታል ጩኸቱ?" አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ።

"የለም" አሉ ጋሽ ጆሮ።

"የለማ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።"

ከመስኮቱ ውጭ የጥበቃው ውሻ እንደ አበደ ይጮህ ጀመር፤ ውይይቱን እንዳይረብሽ መስኮቱ ተዘጋ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ወጣት በግራ እጇ ጣት አንድ ጆሮዋን ደፍና በቀኝ እጇ "ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ መወገዱ ተረጋግጧል" ብላ ጻፈች። ጋሽ ጆሮ ጣቷን አይተውታል፤ ጆሮዋን አሳክኳት ይሆናል አሉ በልባቸው። ባለሙያዋም ፉጨቱ በመጣ ቁጥር ዓይኗን ጭፍን ታደርግ ነበር፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይህን ተመልክተው ልጅቷ በሥራዋ ምን ያህል እንደተመሰጠች ለጎናቸው ሰው በሹክሹክታ ነገሩት። ማጣሪያው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ተጨበጨበም።

ቅዳሜ ምሽት ልጅቷ ለራት ወላጆቿ ቤት መጣች። ቴሌቪዥኑ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃል፤ እናት ልትቀንሰው ስትነሳ አባት "ተይው፣ ዜናውን እየተከታተልኩ ነው" ይላሉ። ልጅቷ እሷው ተነስታ አጠፋችው።

"አባዬ፣ ማጣሪያህን ቢሮ ገብቼ ሰማሁት።"

"እህ? እንዴት ነው ታዲያ?"

"አይሠራም።"

ጋሽ ጆሮ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አይሠራም ማለት?"

"ይጮሃላ። እንዲያውም ከድሮው ይብሳል። ድሮ ቃል ነበር የሚቆርጠው፣ አሁን ጭንቅላት ነው የሚበሳው።"

"ኮሚቴ ሰምቶ ያጸደቀው ነገር ነው።"

"ኮሚቴው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ደህና ጆሮ አይወጣውም፣ አባዬ።"

"ልጅቷ የምትልህን ስማ" አለች እናት።

"ምን አልሽ?"

"ተወው።"

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። "ቆይ አንድ ድምፅ ላሰማህ" ብላ የሆነ ነገር ነካችና ወደ አባቷ አስጠጋችው። ጋሽ ጆሮ ጠበቁ። ባለቤታቸው ሁለት ጆሮዋን በእጇ ስትይዝ አዩ፤ እናትና ልጅ ተመካክረው ሊያሾፉባቸው እንደሆነ ወዲያው ገባቸው።

"ስልክሽ ተበላሽቷል" አሉ።

ልጅቷ ስልኩን ኪሷ ከተተችና የአባቷን ፊት አየች። ከዚህ በፊት እንዲህ ያየቻቸው እሷ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ እሳቸው ከብስክሌት ላይ ወድቀው እጃቸው የተሰበረ ቀን ነበር። ጋሽ ጆሮ ይህ አስተያየት ከስድብ ይበልጥ አስቆጣቸው።

"የመጀመሪያው ሙከራ ሰኞ ነው" አሉ። "ደንቡ በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ራሱ ተቀምጦ ያዳምጥ ይላል። አንቺ ትወርጃለሽ፣ እኔ ላይ ሆኜ እሰማሻለሁ። ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?"

"አምንሃለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ አንገቷን ደፍታ የጨመረችው ነገር ነበር፤ እሱን አልሰሙትም።

ሰኞ ጠዋት ጀልባዋ ከአሮጌው ምሰሶ ሥር ቆመች። ወደቡ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉት ጎማዎች በማዕበሉ እየተገፉ ይንቋቋሉ፤ ውሃው ላይ የናፍታ ቅባት ተንሳፍፏል። ጀልባዋ ላይ ጋሽ ጆሮ፣ ባለሙያዋ ከኮምፒውተሯ ጋር፣ ተጠባባቂው ጠላቂ እና ሁሉም "አጎቴ" የሚሏቸው ገመድ ያዥ ነበሩ። የጠላቂው ወገብ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ጫፍ አጎቴ ናቸው የሚይዙት። አንድ ጊዜ ከተሳበ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ደጋግሞ ከተሳበ አውጡኝ። ይህ አሠራር ስልኩ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። ጋሽ ጆሮ በየስብሰባው "ይህ ገመድ መቼ ነው ሙዚየም የሚገባው?" እያሉ ያሾፉበት ነበር።

ጋሽ ጆሮ ስልኩ ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ አጠፉት። "ይህ ቆርቆሮ ድምፅ ያበላሻል" ብለው ማዳመጫውን አጠለቁ፤ ስለዚህ ከሥር የሚመጣውን የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ሆኑ።

"አባዬ፣ ትሰማኛለህ?" አለች ልጅቷ ከሥር።

"ጥርት ብለሽ።"

ደረታቸው በኩራት ተነፋ። ልጅቷ የምሰሶውን ወገብ እንደደረሰች ነገረቻቸው፤ ዝገቱ ከታሰበው በላይ መሆኑን ነገረቻቸው። ሁለት የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች እየተከታተሉ አለፉ። ጋሽ ጆሮ ምንም ጩኸት ስላልሰሙ ለባለሙያዋ አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት። ከዚያ ልጅቷ ዝም አለች። ሥራ ላይ ናት ማለት ነው።

ልጅቷ ሥራ ላይ አልነበረችም። ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ የቀረ አሮጌ የዓሣ መረብ ክንዷን ይዞ፣ ስትታገለው ጭንብሏን ጎትቶ አጣሞት፣ ውሃ እስከ አፏ ሞልቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መናገር ስለማይቻል ለጠላቂዎቹ ደረታቸው ላይ አንድ ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል። ሲጫኑት በስልኩ ውስጥ ፉጨት ይለቃል። ፉጨቱን ከዓመታት በፊት የመረጡት ጋሽ ጆሮ ራሳቸው ናቸው፤ ከሞተርም ከማዕበልም ተለይቶ እንዲሰማ ብለው እጅግ ቀጭኑን መረጡ። "ጆሮ ያለው ሰው ይህን አይስተውም" ብለው ፈርመውበታል።

ፉጨቱ ማዳመጫውን ሞላው። ጋሽ ጆሮ ባሕሩን እያዩ ፈገግ አሉ።

ባለሙያዋ ኮምፒውተሯ ላይ እንደ ሶናሩ ያልተቆራረጠ አንድ ረጅም ነጭ መስመር አየች። ትከሻቸውን ነክታ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አለች። እሳቸው ሳይዞሩ እጃቸውን አወናጨፉ። "ሥዕልሽን ዝጊ፣ እየሰማሁ ነው።"

ገመዱ አጎቴ እጅ ውስጥ ተርገፈገፈ። አጎቴ ሰው አልጠሩም፤ ተጠባባቂውን በክርናቸው መቱት፣ እሱም ቢላዋውን ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ። ጀልባዋ ተናወጠች። ጋሽ ጆሮ ይህን ጊዜ ዞር ብለው አጎቴና ባለሙያዋ ገመዱን ሲጎትቱ አዩ።

"ምን ሆናችሁ?" አሉ፣ ማዳመጫቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ። "ደህና ናት እኮ። ጸጥ ብላ እየሠራች ነው።"

ተጠባባቂው መረቡን ቆርጦላት ልጅቷ ከእሱ ጋር ከውሃው ወጣች። ክንዷ ላይ የመረቡ ቁራጭ እንደተጠመጠመ ጀልባዋ ወለል ላይ ተንበርክካ ሳል አጣደፋት፤ የባሕር ውሃ ከአፏና ከአፍንጫዋ ወረደ። እስትንፋሷ ተመለሰ። ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየች።

"ጠራሁህ እኮ" አለች።

"አልጠራሽኝም። ማዳመጫው ከጆሮዬ አልወረደም።"

ልጅቷ ለባለሙያዋ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት። ባለሙያዋ የስልኩን ድምፅ ማጉያ መልሳ ከፈተችው፣ የማዳመጫውንም ገመድ ነቀለችው፤ ልጅቷ ደግሞ ደረቷ ላይ የነበረውን ቁልፍ ፈትታ፣ የስልኩ መቀበያ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደገባበት ውሃ ክንዷን ሰድዳ ተጫነችው። ተጠባባቂው ፊቱን አጨማደደ። ባለሙያዋ ጆሮዋን ደፈነች። ወደቡ ጫፍ ላይ የተኛው ውሻ ብድግ አለ። ጋሽ ጆሮ ውሃው የጀልባዋን ሆድ ሲልስ ሰሙ፤ ሌላ ምንም አልሰሙም።

ክው አሉ። የቃለ ጉባኤ ያዧ ጣት፣ ባለቤታቸው ጆሮዋን የያዘችበት እጅ፣ የበሩ ደወል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባቸው። አፈሩ፤ ከማፈራቸው ይልቅ ግን ፈሩ። ልጃቸው ከውሃ ሥር ስትጣራ እሳቸው ፈገግ ብለው ነበር። ማዳመጫውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙት፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋባቸው።

በማግስቱ ባለቤታቸው ምንም ሳትናገር ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ግድግዳዋ ሁሉ ስፖንጅ የሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባቻቸው፤ ቢሯቸውን ስለመሰላቸው ትንሽ ተረጋጉ። "ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይህን ይጫኑ" ብላ ቁልፍ ሰጠቻቸው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰሙና ተጫኑ። ከዚያ ምንም የለም። ሐኪሟ ስልክ ተደውሎላት ወጥታ ይሆናል ብለው በትዕግሥት ጠበቁ። በሩ ተከፈተ።

"ጨርሰናል" አለች።

"አልጀመርንም እኮ።"

ሐኪሟ የውጤቱን ሥዕል አሳየቻቸው። አንድ መስመር ነው፤ እስከ መሃል ደህና መጥቶ ከዚያ እንደ ገደል ይወርዳል። ድምፅ በዓይን አይታይም ባዩ ሰው ያን ሥዕል ብዙ አዩት።

"ወፎቹስ?" አሉ በመጨረሻ።

"የትኞቹ ወፎች?"

"የሰፈራችን።"

ሐኪሟ ወደ ባለቤታቸው ተመለከተች። "ወፎቹማ የት ይሄዳሉ?" አለች ባለቤታቸው። "ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ይነሱኛል።"

ጋሽ ጆሮ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሄዱ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ከብዷቸው የወጡት ደረጃ የለም።

"ማጣሪያው አይሠራም" አሉ። "እኔም አልሰማም። ሹመቱን ውሰዱት፣ ሙከራውን አቁሙት።"

"ምን ነካህ? ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል እኮ።"

"ይመለስ።"

"ወደ ላይ የሄደ ሪፖርት ሲመለስ አይተህ ታውቃለህ?"

ቢሆንም ዋና ሥራ አስኪያጁ ለሠራተኛ ቅሬታ ጆሮ የሚሰጡ ሰው ናቸውና ኮሚቴው በድጋሚ ተጠራ። ድምፁ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ በጥሞና አዳመጡ።

"እኔ አልሰማሁም" አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ። "እነዚህም አልሰሙም። አንተም አልሰማሁም ብለህ ነው የመጣኸው። ታዲያ የሚሰማው ማነው?"

"ልጆቹ ናቸው። ከአርባ ዓመት በታች ያሉት ሁሉ ይሰማሉ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ዋና ሥራ አስኪያጁ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። "ይህ እንግዲህ የጤና ጉዳይ ነው" አሉ። ወጣት ሠራተኞች በሙሉ፣ የሌለ ድምፅ ስለሚሰሙ፣ ለጆሮ ምርመራ እንዲላኩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ጆሮዋን በጣቷ እንደደፈነች ጻፈችው።

ጋሽ ጆሮ ከስብሰባው ወጥተው ወደ ምድር ቤቱ የቀለም መጋዘን ወረዱ። ጣሳ የሚደረድረውን ሰው አገኙት። "የዚያን ቀን ትክክል ነበርክ" አሉት። ሰውየው የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ጋዋኑን አውልቆ ተከተላቸው። ቢሯቸው ሲደርሱ ስፖንጁን ከመስኮቱ ላይ ቦጨቁትና ለባለሙያዋ ማዳመጫውን ሰጧት።

"ሥዕልሽን ክፈቺ" አሏት።

በቃለ ጉባኤ የሞተ ጩኸት ሁለተኛ አይገደልምና ሥራው በምስጢር ተሠራ። ባለሙያዋና የመጋዘኑ ሰው ነጩን መስመር እያዩ ማጣሪያውን ወደ አዲሶቹ ሶናሮች ፉጨት ከፍ አደረጉት። የጠላቂዎቹን የጭንቅ ፉጨት ደግሞ የሽማግሌ ጆሮ እንኳ እንዳያልፈው ወደ ወፍራም ድምፅ አወረዱት። ለሥራው የምስክር ወረቀት የተሰጠው ለኮሚቴው ነው፤ አሁንም ደረጃው አጠገብ ተሰቅሏል።

ልጅቷ እንደገና ስትወርድ ጋሽ ጆሮ ጀልባዋ ላይ ነበሩ። ማዳመጫው ባለሙያዋ ራስ ላይ ነው። እሳቸው አጎቴ አጠገብ ሄደው ቆሙ፤ እንዴት እንደሚጠይቁ ስላላወቁ ዝም ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አጎቴ ስለ ሙዚየሙ ምንም ሳያነሱ ገመዱን ሰጧቸው። "አታጥብቀው" አሉ። "አታላላውም።"

ልጅቷ ጭንብሏን ከማጥለቋ በፊት ገመዱ ማን እጅ ላይ እንዳለ አየች። "አባዬ፣ እዚያ ነህ?"

"እዚህ ነኝ።"

ገባች። ገመዱ በእጃቸው ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየሾለከ ወረደና ቆመ። አንድ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ሶናሩን ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። ከዚያ ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ። ደህና ነኝ። እሳቸውም አንድ ጊዜ መለሱላት፤ እንባቸውም መጣ፣ አልደበቁትም።

ትንሽ ቆይቶ ገመዱ እንደገና ተነካ። ይህኛው ደህና ነኝም አልነበረም፣ አውጡኝም አልነበረም፤ ቀስ ብሎ መጣ፣ ትንሽ አረፈ፣ እንደገና መጣ። አጎቴ አንገታቸውን አስግገው አዩና ፈገግ ብለው ወደ ባሕሩ ዞሩ። በደንቡ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ጋሽ ጆሮም በደንቡ የሌለ መልስ መለሱላት።

ባለሙያዋ ገመዱ ሲነካካ አይታ፣ በማዳመጫው ግን ምንም ስላልሰማች ደንግጣ ዞረች። "ጋሼ፣ ምን አለችዎት?"

"ምንም" አሉ ጋሽ ጆሮ፣ ገመዱን እንደያዙ። "ወሬ ነው። ዝም ብሎ ወሬ ነው።"